«ሰው እያለ ለከብት?» አለኝ አባቴ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ ከእናቴ ጋር ነው የማነበው። ዛሬ ግን ለብቻዬ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ።

የ19 ዓመት ልጅ ነኝ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። አምስት የሚታለቡ ላሞች አሉን፤ ቤቱ የሚተዳደረው በወተት ነው። 12ኛ ክፍልን በ2017 ተፈትኜ ጥሩ ነጥብ አመጣሁ። ስዊድን ያለችው አክስቴ ውጤቴን ስትሰማ በስልክ እልል አለች። «ውጭ አገር ሄደሽ ሕክምና ተማሪ፣ እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ። አባቴ በዚያው ቀን ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ አወራ።

ችግሩ እኔ የምፈልገው የእንስሳት ሕክምና ነው። አምና ክረምት ትልቋ ላማችን ምጥ ይዟት ስትሰቃይ አመሸች። ጥጃዋ አንድ የፊት እግሯ ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ሌሊት የመጣው ሐኪም እጁን እስከ ትከሻው በሳሙና ታጠበና አስገባ። መጀመሪያ ጥጃዋን ወደ ውስጥ ገፋት። ባትሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ደነገጥኩ። ለካ እግሩን ለማቃናት ቦታ ፈልጎ ነው። ከዚያ ሰኮናውን በመዳፉ ሸፍኖ እግሩን ወደ ፊት አመጣው። ገመድ አስሮ «እሷ ስታምጥ ብቻ ነው የምንስበው» አለን። ላሟም ጥጃዋም ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር መማር አላሰኘኝም። ለአባቴ ስነግረው «ሰው እያለ ለከብት?» ብሎ ሳቀ። ወንድሜ ደግሞ «የላም ዶክተር» እያለ ይጠራኛል።

አሁን ቦሌ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ኤጀንት አግኝተናል። ምሥራቅ አውሮፓ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስገባኝ ነገረን። «ሕክምናም የእንስሳት ሕክምናም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የመግቢያ ፈተና የለም። ቦታው ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው» አለ። ለምዝገባ 80 ሺህ ብር ይከፈላል፤ አይመለስም። አክስቴ የትምህርት ክፍያውን ብትችልም ይህንን፣ ቪዛውንና ትኬቱን እኛ ነን የምንሸፍነው። አባቴ ሁለት ላም ሊሸጥ አስቧል። እኔ እዚህ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው። ቤተሰቤን ማሳዘን አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሱሉልታ

*

የሱሉልታዋ እህቴ፣

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። በ2017 ከተፈተኑት ውስጥ ማለፊያ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን የማነሳው ላሞካሽሽ ብዬ አይደለም። ከአባትሽም፣ ከአክስትሽም፣ ከቦሌው ሰውዬም ጋር ስትነጋገሪ ምርጫ በእጅሽ እንዳለ እንዳትረሺ ነው። ደብዳቤሽን ሳነበው ሁሉም አንቺን ሲያጣድፍሽ ነው የታየኝ። የሚያጣድፍ ነገር ግን አልታየኝም።

የጻፍሽልኝ ውስጥ ሦስት ጉዳይ ተጠላልፏል። ምን ልማር? የት ልማር? በማን ገንዘብ ልማር? ኤጀንቱ ሦስቱንም በ80 ሺህ ብር በአንድ ቀን ሊቋጭልሽ ይፈልጋል። እኛ እንለያያቸው።

ከሙያው ልጀምር፤ ልብሽ ያለው እዚያ ነውና። ስለ ሰው ሕክምና የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው፤ እሱም የአክስትሽና የአባትሽ ንግግር ነው። ስለዚያች ላም ስትጽፊ ግን ሰኮናው በመዳፍ እስከተሸፈነበት ድረስ ነገርሽኝ። ሐኪሙ ያን ያደረገው የላሟ ማህፀን እንዳይቀደድ ነው። በእኩለ ሌሊት፣ ደንግጠሽ፣ ባትሪ ይዘሽ ይህን ካስተዋልሽ ዓይንሽ ለዚህ ሥራ ክፍት ነው ማለት ነው። ይህን ቀለል አድርገሽ አትዪው።

ቢሆንም ልጠይቅሽ። የእንስሳት ሐኪም ኑሮ ጥጃ ማዋለድ ብቻ አይደለም። ቄራ ቆሞ ሥጋ መመርመር አለ። በክትባት ዘመቻ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅሙ መዋል አለ። ላብራቶሪ አለ፣ የዶሮ እርባታ አለ፣ ወረቀት ሥራ አለ። ላሟ ልትሞት አንድ ሐሙስ ሲቀራት የሚደውል ባለቤት አለ። የመድኃኒቱን ዋጋ ሲሰማ «በዚህስ ብትታረድ ይሻላል» የሚልም አለ። ይህንንም ጨምረሽ ስታስቢው ፍላጎትሽ ያው ነው? ደግሞ በሌላ በኩል፣ ወንድምሽ ባይስቅብሽ፣ አክስትሽም «ደስ ያለሽን ተማሪ» ብላሽ ቢሆን፣ የሰው ሕክምናን ታነሺው ነበር? «አዎ፣ እሱንም እወደዋለሁ» ብትዪ ነውር የለበትም። ለራስሽ ግን ሳትዋሺ መልሺ። ለእኔ መጻፍ አይጠበቅብሽም።

የአባትሽ ሳቅ አይክበድሽ። ክፋት የለውም። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ደግሞም ለጎረቤት ተናግረዋል፤ አሁን መመለሱ ከበዳቸው። ግን ከብት ሲያልቅ ሰው እንደሚያልቅ የዚህ አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በአፄ ምኒልክ ዘመን «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩን ያራቆተው፣ መነሻው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር መጣ። አብዛኛው የአገሩ ከብት አለቀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ ሰዉም ተከተለ። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው፤ መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ያጠፉት እንግዲህ ወንድምሽ የሚስቅባቸው «የላም ዶክተሮች» ናቸው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች ዘንድ የላም ቲቢ በብዛት እንደሚገኝ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ያልፈላ ወተት ከላሟ ወደ ሰው ያስተላልፈዋል። የእብድ ውሻ በሽታም፣ አባሰንጋም፣ ላሞችን የሚያስወርደው በሽታም እንዲሁ ከእንስሳ ወደ ሰው ይሻገራሉ። ሁለቱ ሙያዎች አባትሽ እንደሚያስቡት የተራራቁ አይደሉም። ደግሞ የሰው ሐኪም መሆን ብቻውን የኑሮ ዋስትና ነው ብለው ከሆነ፣ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አገሩን እንዴት እንዳነጋገረ ሳይሰሙ አይቀሩም።

ወደ «የት» እንለፍ። ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ስም ነው። እኔ ከመጨረሻው ጀምሪ እልሻለሁ። መሥራት የምትፈልጊው የት ነው? ሱሉልታ? አዲስ አበባ? ስዊድን፣ አክስትሽ ጋ? አሜሪካ? አንዳንድ ትምህርት አለ፣ ዲግሪውን ይዘሽ የትም ብትሄጂ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ሕክምና ግን፣ የሰውም የእንስሳም፣ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን የሚሰጥሽ ደግሞ የምትሠሪበት አገር ነው፤ የተማርሽበት አይደለም። «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ነው?» ከማለትሽ በፊት «የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ እኔ ልሠራበት በምፈልገው አገር ፈቃድ ያገኛል ወይ?» በይ።

ወደ አገርሽ ልትመለሺ ከሆነ፣ የውጭ ዲግሪሽ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል የአቻ ግምት ሊሠራለት ይገባል። የሰው ሐኪም ከሆንሽ በተጨማሪ በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከመሄድሽ በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም ይዘሽ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄደሽ «ይህን ታውቁታላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ስድስት ዓመት ተምሮ ከመመለስ በኋላ ይህን ጥያቄ መጠየቅ በጣም ይመራል።

አውሮፓ ከሆነ ሐሳብሽ፣ «ምሥራቅ አውሮፓ» የሚለው አነጋገር አያታልልሽ። ሃንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ሮማኒያና ቡልጋሪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናቸው። ጆርጂያ፣ ቤላሩስና ሩሲያ አይደሉም። በኅብረቱ አገር የተገኘ የሐኪም ዲግሪ በሌላው የኅብረቱ አገር ለመታወቅ መንገዱ ቀለል ይላል። ከኅብረቱ ውጭ ከተማርሽ ግን ስዊድን ሌላ ፈተናና ሌላ ዓመታት ይጠብቁሻል። በሁለቱም መንገድ ስዊድንኛ ሳትችዪ በሽተኛ አታክሚም። አሜሪካ ደግሞ ለእንስሳት ሐኪም የራሱ መንገድ አለው። ዕውቅና ሰጪው የአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር፣ በተለምዶ ኤቪኤምኤ የሚሉት ነው። እሱ ካልመዘነው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ተጨማሪ ፈተናዎች አልፎ ነው ወደ ፈቃድ ፈተናው የሚደርሰው። ረጅምም ውድም ነው።

«ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ግማሹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍል ውስጥ ናቸው። አናቶሚውም ባዮኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ያልፋል። ከዚያ ዎርድ ትገቢያለሽ። አልጋው ላይ አንዲት የ70 ዓመት ባልቴት ተኝተዋል። «የት ጋ ነው የሚያምዎት? ከመቼ ጀምሮ? ሲያስነጥስዎ ይብሳል?» ብለሽ መጠየቅ አለብሽ። እሳቸው የሚያውቁት የአገራቸውን ቋንቋ ብቻ ነው። የሐኪም ትምህርት ግማሹ እዚያ አልጋ ጎን ነው የሚቀሰመው፤ ቋንቋውን ካልቻልሽ ከኋላ ቆመሽ ታያለሽ። በእንስሳት ሕክምናም ያው ነው። ላሟ አትናገርም፤ የምትጠይቂው ገበሬውን ነው። ስለዚህ ኤጀንቱን ሳይሆን እዚያ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ ወይም አፍሪካዊ ተማሪ ፈልጊና «በክሊኒክ ዓመትህ ስንት በሽተኛ በእጅህ መርምረሃል?» ብለሽ ጠይቂው። በፌስቡክና በቴሌግራም የተማሪ ግሩፕ አይጠፋም።

ሌላም አለ፤ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ቻይና የነበሩ የውጭ ሕክምና ተማሪዎች ለዕረፍት ወጥተው ከሁለት ዓመት በላይ መመለስ አቅቷቸው ነበር። ትምህርቱ በኢንተርኔት ቀጠለ። በኢንተርኔት ግን ልብ አይዳመጥም፤ የአንዳንዶቹ አገሮች ፈቃድ ሰጪዎችም ያንን ጊዜ አንቆጥርም አሉ። በየካቲት 2014 ዩክሬን ጦርነት ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ሕክምና ተማሪዎች ሻንጣ ይዘው ድንበር ላይ ተሰለፉ። የሱዳኑ በቀጣዩ ዓመት መጣ። ይህን ማንም ሊተነብይ አይችልም። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብዛወር የተማርኩት ይቆጠርልኛል ወይ?

የእኔን አስተያየት ከፈለግሽ እነሆ። ልብሽ የእንስሳት ሕክምና ከሆነ፣ መሥራት የምትፈልጊውም እዚሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ዲግሪሽን አገርሽ ላይ ብትማሪ እመርጣለሁ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ ክትባት የሚያመርተው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ተቋም አለ። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም፣ ፓንቫክ የሚባለው፣ መቀመጫው እዚያው ነው። ፈረንጆቹ በመሣሪያ ይበልጡናል፤ አልክድም። ግን አፍተግርን፣ የከብት ሳምባ በሽታን፣ የቆዳ ጉርብርቡን በየሳምንቱ በዓይንሽ የምታዪው እዚህ ነው። አውሮፓ ያለ ተማሪ እነዚህን በአብዛኛው ከመጽሐፍ ነው የሚያውቃቸው። ውጭ መውጣት ከፈለግሽ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ያለው ነፃ ዕድል ይሰፋል። የጀርመኑ ዳድና የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉት ስኮላርሺፖች ለዚህ የታወቁ ናቸው።

ልብሽ ውስጥ ያለው «ከዚህ አገር ልውጣ» የሚለው ከሆነ ግን ምክሬ ይለወጣል። እሱም ሐጢአት አይደለም። ያኔ ግን የምትሄጂበት ትምህርት ቤት ደህና መሆን አለበት። ለምሳሌ የቡዳፔስቱ የእንስሳት ሕክምና ዩኒቨርሲቲ በ1787 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ ከ1989 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ትምህርቱ 11 ሴሚስተር ይፈጃል። የአውሮፓ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ተቋማትን የሚመዝነው ማኅበርም መዝኖታል። እንዲህ ዓይነት ቦታ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ይፈትንሻል። «ፈተና የለም» ሲሉሽ ደስ አይበልሽ፤ ጠርጥሪ።

ገንዘቡን በተመለከተ አጠር ላድርገው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ዛሬ ከዚያም በላይ ነው። በዓመት 5,000 ዶላር የሚከፍል ተማሪ ቤተሰብ 285 ሺህ ብር የነበረው ሸክም ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነበት፤ ዶላሩ ግን ሳንቲም አልጨመረም። አክስትሽ የምታገኘው በውጭ ገንዘብ ስለሆነ ይህ እሷን አይነካት ይሆናል። እናንተ የምትሞሉት ግን በወተት ብር ነው።

ኤጀንቱን ትቼው ነበር፤ አሁን ልመለስበት። ሁሉም ኤጀንት አጭበርባሪ ነው አልልም። ልጆችን በደህና አድርሰው ያስገቡ አሉ። የአንቺው ግን «አይመለስም» እና «እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚሉ ሁለት ነገሮች ይዟል፤ አንድ ላይ ሲመጡ ደስ አይሉም። የዩኒቨርሲቲውን ሙሉ ስም በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። የሰው ሕክምና ከሆነ «ወርልድ ዳይሬክተሪ ኦፍ ሜዲካል ስኩልስ» የሚባል በነፃ የሚከፈት ማውጫ ኢንተርኔት ላይ አለ። እዚያ ውስጥ ስሙን ፈልጊ። ከሌለ ወሬው አለቀ። ካለም ገና ነው፤ ማውጫው ውስጥ መኖር በራሱ ዕውቅና ማለት አይደለም፣ ከስሙ ሥር ያለውን ማስታወሻ አንብቢ። ከዚያ በዩኒቨርሲቲው በራሱ ኢሜይል ለመግቢያ ክፍሉ ጻፊ። «ይህ ድርጅት ይወክላችኋል ወይ? የማመልከቻ ጊዜው መቼ ያበቃል? የመመዝገቢያ ክፍያው ስንት ነው?» ሦስት ጥያቄ ይበቃል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰባራ ሳንቲም እንዳይወጣ።

ነፃ ዕድሎችን ደግሞ ሳታዪ አትለፊ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ቱርኪዬ ቡርስላሪ የሚባለው፣ ማመልከቻው በነፃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ክፍት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜሽ ከ21 በታች መሆን አለበት። ለሰው ሕክምና፣ ለጥርስና ለፋርማሲ 90 በመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ለሌሎቹ ትምህርቶች 70 ነው። ማደሪያ፣ የኪስ ገንዘብ፣ የጤና ኢንሹራንስና ትኬት አለው። የመጀመሪያው ዓመት ቱርክኛ መማሪያ ነው፤ ከላይ ስለ ቋንቋ ያልኩትን ካስታወስሽ ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። የሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። ለኢትዮጵያውያን የትኞቹ ትምህርቶች እንደተከፈቱ የየዓመቱ ጥሪ ላይ ይወጣል፤ እሱን ተከታተዪ። ለሁለቱም ኤጀንት አያስፈልግሽም።

እስከዚያው የተመደብሽበትን ቦታ እንዳትለቂ። ጥሪው ሲመጣ ሂጂ፣ ተመዝገቢ። ፍሬሽማን ላይ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው የጋራ ኮርስ ነው የሚወስደው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ፣ በውጤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከአባትሽ ጋር «ሰው ወይስ ከብት» ብላችሁ መጣላት አያስፈልጋችሁም፤ ጊዜ አላችሁ። አንድ ነገር ብቻ አጣሪ። የደረሰሽ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና አለው ወይ? ከቢሾፍቱው ሌላ ጎንደር፣ ሐረማያና ጅማ ያስተምራሉ። ያንቺው ከሌለው የዝውውሩን ነገር ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፤ ከሴሚስተሩ ማለቂያ ይልቅ መጀመሪያው ላይ መጠየቁ ይሻላል።

ጥሪው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ቢሾፍቱ ሄደሽ ነይ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ቃሊቲ መናኸሪያ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ነው። ማልደሽ ከወጣሽ በዚያው ቀን ትመለሻለሽ። ኮሌጁ እንስሳት የሚታከሙበት ክሊኒክ አለው። በር ላይ «ተማሪ ነኝ፣ ማየት እፈልጋለሁ» በዪ፤ ቢከለክሉሽም ውጭ የሚጠብቁትን ባለ ላሞችና ባለ አህዮች አዋሪ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂና የምታውቂያት ነርስ ካለች አንድ ጠዋት ከእሷ ጋር እንድትቆይ ለምኛት። የሰው ደም፣ የሰው ለቅሶ፣ የሰው ወረፋ እንዴት እንደሚያደርግሽ እዪ። ምናልባት ያልጠበቅሽው ነገር ይሰማሽ ይሆናል።

ከአክስትሽ ጋር የሚደረገው ወሬ ሳይከብድሽ አይቀርም። ሊሰጥ እጁን ለዘረጋ ሰው «ቆይ» ማለት ይከብዳል፣ በተለይ ለኛ። እሷም ግን ግልጽነት ይገባታል። በቪዲዮ ደውዪላት፣ ብቻዋን ስትሆን። እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ። «እትዬ፣ ላደረግሽልኝ ነገር ቃል የለኝም። ያንቺ ገንዘብ በከንቱ እንዲጠፋ ስለማልፈልግ ነው ጊዜ የጠየቅኩሽ። እኔን እንስሳት ሕክምና ነው የሚስበኝ። ይህ ቅር ያሰኝሻል?» ከዚያ ዝም በዪና ስሚያት። ለእሷ ዋናው «ሐኪም» የሚለው ነው? ወይስ አንቺን ከዚህ ማውጣት? ወይስ ቅርቧ እንድትሆኚ ነው የናፈቀችው? ሦስቱም የተለያየ መልስ አላቸው። ስድስት ዓመት መክፈል እንደምትችልም ጠይቂያት። ሥራ ብትለውጥ፣ ብትታመም፣ መሐል ላይ ምን እናደርጋለን? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ቢሾፍቱ ብትማሪ እንኳ የእሷ እርዳታ ቦታ አለው። ላፕቶፕ፣ መጽሐፍ፣ በኋላ ላይ ደግሞ የማስተርሱ ትኬት።

አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ አትሞክሪውም። ያንን የሌሊቱን ሐኪም ግን ቡና ጥሩልኝ። አባትሽ ባሉበት የት እንደተማረ፣ ምን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚያማርረው ይጠየቅ። ሁለት ነፍስ ያተረፈላቸውን ሰው ፊት ለፊት «ሰው እያለ ለከብት» ማለታቸውን እጠራጠራለሁ። እሱም እውነቱን ይነግርሻል፤ «ምነው ይህን ሙያ ባልመረጥኩ ኖሮ» ይል እንደሆነም ትሰሚያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ገረመኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ አባትሽ ተናግረዋል፣ አክስትሽ ተናግራለች፣ ወንድምሽ ሳይቀር ተናግሯል። እናትሽ ምን አለች? ከአምስቱ ላም ሁለቱ ሲሸጡ የቤቱን አስቤዛ የምታብቃቃው እሷ ትመስለኛለች። ማንም ጠይቋት ከሆነ አልጻፍሽልኝም። ከአክስትሽ በፊት ከእሷ ጋር ተነጋገሪ።

የላሞቹ ሽያጭ ለአሁኑ ይቆይ። አባትሽን «ሽያጩን ተወው» ከማለት «የዩኒቨርሲቲው መልስ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ስጠኝ» ብትዪያቸው ይቀላል፤ ቀን የተቆረጠለት ነገር አያናድድም። ለኤጀንቱ ደግሞ «ወረቀቱን እያየን ነው» በዪው። ወሩ ሲያልቅ ራሱ ደውሎ «ሌላ ቦታ ተገኘ» ካለሽ ስለ ሰውዬው የምታውቂው በቂ ነው። በዚህ መሐል ፓስፖርት ከሌለሽ ማመልከቻ አስገቢ፣ ትራንስክሪፕትሽንና የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን ስካን አድርገሽ አስቀምጪ፤ የቱርኩ በጥር ሲከፈት ለሰነድ ስትሯሯጪ እንዳይመሽብሽ።